ምዕራፍ ስድስት፦ በሳምንት አራት ሰዓት

አማን ውስጥ አብዱን የሚባለው ሰፈር ኤምባሲና ቪላ የበዛበት፣ ኑሮው ውድ የሆነ ሰፈር ነው። የሰፈሩን ስም የያዘውን ሸለቆ የሚያሻግር ድልድይ አለ። ርዝመቱ ከ400 ሜትር ይበልጣል፤ ሦስት እንደ ባላ ላያቸው የተከፈተ ምሰሶዎች በብረት ገመድ ወጥረው ይዘውታል፤ መንገዱም ሸለቆውን የሚያልፈው ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተጠማዘዘ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ በ2006 ለተሽከርካሪ ተከፈተ። የከተማው ሰው የአብዱን ድልድይ ይለዋል። በይፋ የተሰጠው ስም ግን የአንድ መሐንዲስ ነው፤ ከማል አሻኢር።

አሻኢር እ.ኤ.አ. በ1930 ሰልት በምትባለው የዮርዳኖስ ከተማ ተወለዱ። አሜሪካ ሄደው ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሩ፤ ከዚያም ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በ1956 ከመምህራን ባልደረቦቻቸው ጋር ዳር አል-ሃንደሳ የተባለውን አማካሪ ድርጅት መሠረቱ። ስማቸውን የያዘውን ድልድይ ዲዛይን ያደረገው ይኸው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ ለሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ የዲዛይን ውል የፈረመው ከእነሱ ጋር ነው፤ ማረፊያው ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል።

ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ አማንን የሚያውቃት ሴት ልጁ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራባት ከተማ ሆና ነው። አብዱን ቪላዎች ውስጥ የስንት እህቶቻችን ጉልበት እንዳለቀ ስለማውቅ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም። ከዚያች ከተማ ግን ልንወስደው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ፤ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እሱ ነው። የዳር አል-ሃንደሳ መሥራቾች በአንድ እጃቸው ጠመኔ፣ በሌላው ንድፍ የያዙ ሰዎች ነበሩ። የሚያስተምሩትም የሚሠሩትም እነሱ ራሳቸው ነበሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ግንባታ ላይ የኖረው መሐንዲስ አንድ ቦታ፣ ተማሪው ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በቅጥር ቃለ መጠይቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ፈሪ ሆኖ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የምህንድስና ትምህርት እኛ ዘንድ ሲጀመር ክፍሎቹ ትንንሽ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ በ1954 የተቋቋመውና ሕንፃ ኮሌጅ ሲባል የኖረው የኢትዮ-ስዊድን ተቋም፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ ሁሉም ጥቂት ተማሪ ይዘው ነበር የተነሱት። መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል፤ ያበላሸውን ንድፍ ራሱ ጎኑ ቁጭ ብሎ ያርምለታል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መንግሥት ከመቶ ሰባውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ የመሐንዲስ ተማሪው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነደገ። የመምህሩ ልምድ ግን በመመሪያ አይበዛም። ትናንት የተመረቀ ልጅ ዛሬ ያስተምራል፤ አርማታ ሲፈስ ቆሞ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ አርማታ ይናገራል። ጥፋቱ የወጣቱ መምህር ነው አልልም። የሚደገፍበት ሰው አላገኘም።

እንዲህ ያለው ክፍተት ምን እንደሚያስከፍል በቁጥር ማየት ይሻላል። እንበል፣ አንዲት የአራተኛ ዓመት የሲቪል ተማሪ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፕዋን ከፍታ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ፊት ተቀምጣለች። አምስት ሶሌታ ያለው የመኖሪያ ሕንፃ ኢታብስ በሚባለው ሶፍትዌር ሠርታለች። ሥዕሉ ያምራል፤ ቀለሙ ያምራል። መሐል ላይ ያለው ኮለን መሠረቱ ላይ የሚያሳርፈው ጭነት 200 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 200 ኩንታል ገደማ ነው ብላለች።

«እስቲ ማሽኑን ዝጊውና ወረቀት አምጪ» ይላታል። «ይህ ኮለን ስንት ካሬ ሶሌታ ይሸከማል?»

«አራት በአምስት፤ ሃያ ካሬ፣ ኢንጂነር።»

«የሶሌታው ውፍረት?»

«አሥራ አምስት ሴንቲ።»

«አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ስንት ይመዝናል?»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ።»

«አባዢው።»

ታባዛለች። አንድ ካሬ ሶሌታ 375 ኪሎ፤ ሃያው ካሬ 7,500 ኪሎ፣ ማለትም 75 ኩንታል። አምስቱ ሶሌታ 375 ኩንታል። ግድግዳው፣ ቢሙ፣ ልስኑ፣ ሴራሚኩ ገና አልተቆጠረም፤ ባዶው ሶሌታ ብቻውን ኮምፒውተሩ ካወጣው ቁጥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልጅቷ ዝም ትላለች። «እንግዲህ ያ 200 ከየት መጣ?» ይላታል። ለመኖሪያ ቤት የሰውና የዕቃ ጭነት በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን እንደሚያዝ ታውቃለች። ሃያ ካሬ በሁለት፣ በአምስት ፎቅ፤ ልክ 200። ሶፍትዌሩ የቆጠረው ነዋሪውንና አልጋውን ብቻ ነበር። የሕንፃው የራሱ ክብደት የሚሞላበት ቦታ ላይ ዜሮ ተጽፎ ቀርቷል።

ማስተካከሉ አንድ ቁጥር መቀየር ነው። ሳይታይ ቢያልፍ ግን መሠረቱ ከሚገባው በታች ይቆፈር ነበር። ልምድ ያላቸው ሰዎች ለእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ሁሉንም ጨምረው ለመጀመሪያ ግምት በካሬ አንድ ቶን ገደማ ይይዛሉ፤ በዚህ ስሌት ኮለኑ የሚሸከመው 1,000 ኩንታል አካባቢ ነው፣ እሷ ካወጣችው አምስት እጥፍ። ይህ የአንድ ቶን ግምት የትኛውም ፈተና ላይ አይመጣም። መጽሐፍ ላይ ቢገኝም ተማሪ አንብቦ ያልፈዋል። ከሰው አፍ፣ በራሷ ስህተት ላይ ሲነገራት ግን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። አንጋፋ መሐንዲስ ለተማሪ የሚሰጠው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቁጥር ሲያይ የመጠርጠር ልማድ። ስለ ሕይወት ምክር፣ ስለ ስኬት ንግግር መስጠት የሚችል ሰው ሞልቷል። 75 ኩንታል ከራስ በላይ እንደተሰቀለ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ማሳየት የሚችለው ግን ጥቂት ነው።

ወደ አማን እንመለስ። ዮርዳኖስ ውስጥ የመሐንዲሶች ማኅበር አባል ያልሆነ ሰው በመሐንዲስነት መሥራት አይችልም። የማኅበሩ መዝገብ ከ100,000 በላይ ስም ይዟል፤ የአገሪቱ ሕዝብ 11 ሚሊዮን ገደማ መሆኑን ስናስብ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ተመርቆ ሥራ የሚጠብቀውም በዚያው ልክ ብዙ ነው። ስለዚህ ሙያ ላይ ያለውን ሰው ከተማሪ ጋር የማገናኘቱ ጥያቄ እዚያ ቀድሞ ተነስቷል፤ ከተሰጡት መልሶች ሁለቱን በደንብ ማየት ይጠቅመናል።

አንደኛው ኢንጃዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብ፣ በሴቭ ዘ ችልድረን ሥር ተጀመረ፤ በ2001 ራሱን ችሎ ወጣ። ለዓመታት የመራችው ሶራያ ሳልቲ የምትባል ሴት ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የግል ድርጅት ሠራተኛ በፈቃዱ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄዶ በሳምንት አንድ ሰዓት ያስተምራል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ሰው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ስለሆነ ድርጅቱ ራሱ መፍቀድ ይኖርበታል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ይታየኛል። ሰዓቱን የሚሰጠው ግለሰቡ ብቻ ሲሆን ሥራ በበዛበት ሳምንት ይቀራል። አሠሪው ጭምር ሲፈቅድ ግን ሰዓቱ መርሃ ግብር ውስጥ ይገባል፤ ቀሪውም ይጠየቅበታል።

ሁለተኛው ሩዋድ ነው፤ እኔ የበለጠ የሚማርከኝም እሱ ነው። ፋዲ ጋንዱር አራሜክስ የተባለውን የዕቃ ማመላለሻ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 መሥርቶ በ1997 አሜሪካ ናስዳቅ ገበያ ላይ ያስመዘገበ ሰው ነው፤ ከአረቡ ዓለም ኩባንያዎች የመጀመሪያው ነበር። በ2005 ከጓደኞቹ ጋር በምሥራቅ አማን ጀበል አን-ናዚፍ በሚባል ሰፈር ሩዋድን አቋቋመ። ይህ ሰፈር ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ የፍልስጥኤም ስደተኞች የሰፈሩበት ነው። ከአብዱን በመኪና ብዙም አይርቅም፤ ኑሮው ግን አይገናኝም። ሩዋድ ለሰፈሩ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይሸፍናል። የትምህርት ድጋፉም በዚያው ዓመት በአማን ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ሕይወቱ ላለፈው ለሙስዓብ ኹርማ መታሰቢያ ተሰይሟል።

ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። ክፍያው የተሸፈነለት ተማሪ በሳምንት አራት ሰዓት ለሰፈሩ ይሠራል። ልጆች ያስጠናል፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያግዛል፣ የተጎዳ ቤት ይጠግናል። አራቱ ሰዓት የነፃ ትምህርቱ ዋጋ ነው፤ ማንም በችሮታ አልወሰድኩም ብሎ ቀና ብሎ መሄድ ይችላል። ይህ ሐሳብ እኛ አገር በብዛት አልተሞከረም። እኛ ስንረዳ በነፃ እንረዳለን፤ የተረዳው ልጅ ደግሞ ውለታው ከብዶት ከረጂው ዓይን ይሸሻል፣ ወይም ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። ሩዋድ የሚቀበለውን ልጅ በዚያው ሳምንት ሰጪ ያደርገዋል።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርብ ነገር የተፈጠረው አምስት ኪሎ ነው። ኤምሬ ቫሮል የተባለ በጉግል ይሠራ የነበረ ቱርካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ዘንድ ኤ-ቱ-ኤስ-ቪ የሚባለውን ሥልጠና ጀመረ። ትምህርቱ የአልጎሪዝም ጥያቄ መፍታት ነው፤ ዕለት በዕለት፣ ያለ ፋታ። ከሠልጣኞቹ ጉግልን ወደመሰሉ ኩባንያዎች የገቡ አሉ፤ ወሬው የተስፋፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ከዚያ የሚበልጠው ውስጣዊ አሠራሩ ነው። ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስተምራል። አንድ ባለሙያ መቶ ልጅ ሊይዝ አይችልም፤ አሥር ልጅ በደንብ ከያዘ ግን አሥሩ መቶውን ይይዛሉ። ሥራው የሶፍትዌር ስለሆነ የሚያስፈልገው ኮምፒውተርና መስመር ብቻ ነው። የሲቪል፣ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ሰው ግን ንድፍ፣ ሳይትና ማሽን ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንጋፋ መሐንዲሶችን ከተማሪዎች ጋር የሚያገናኝ ቡድን መኖር ግድ ይሆናል።

ታዲያ እንዴት ይጀመራል? ብዙ ሰው የሚነሳው ከስምና ከአርማ ነው። ስም ይወጣል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ አዳራሽ ተይዞ ምርቃት ይደረጋል፤ ከዚያ በሦስተኛው ወር ማንም አይመጣም። እድርን እናስብ። እድር መቶ ዓመት የሚዘልቀው ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚወድ ብቻ አይደለም። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዘጋል። አምስት መሐንዲስና ሃያ ተማሪ ያሉት ቡድንም ይህን ያህል ሥርዓት ካልያዘ አይቆምም። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ አንድ የታወቀ ክፍል፣ አንድ ስም ጠሪ። ለመሐንዲሱም ለተማሪውም እኩል ይጠራ። አንጋፋው ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት ከቀረ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ፤ ክብሩ ይህን ከመባል አያድነውም።

ቅዳሜ ጠዋት ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ የሙያ ስብሰባ የሚጠራው ማታ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። ከዶርም ወጥታ ማታ የምትመለስ ሴት ተማሪ ታክሲውን፣ የግቢውን የበር ሰዓትና የመንገዱን ጨለማ ማሰብ አለባት። ቀስ በቀስ ትቀራለች፤ «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ሰዓቱን ብቻ በማስተካከል የሚፈታ ችግር ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው እውነተኛ ሥራ ይሁን። መሐንዲሱ ከያዘው ፕሮጀክት ሊያሳይ የሚችለውን ንድፍ፣ የፌሮ ዝርዝር፣ የተጣለ የላቦራቶሪ ውጤት ያምጣ፤ ተማሪው ደግሞ የራሱን ፕሮጀክት ያምጣ። ፓወር ፖይንት አይፈቀድ። የአንድ ሰው ንግግር ሃያ ሰው የሚያዳምጥበት ጉባኤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አለው። ከአንድ መሐንዲስ ጋር አራት ወይም አምስት ልጅ ይቀመጥ፤ ከዚያ ካለፈ ዝምተኛው ልጅ ይደበቃል። የእኛ ተማሪ በትልቅ ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። አንቱ የሚላቸውን ሰው መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። ይህን የሚሰብረው መሐንዲሱ ነው፤ ራሱ ያልገባውን፣ ራሱ የተሳሳተበትን ሲያወራ ልጁም አፉን ይከፍታል። ክብሩ ይቀንሳል ብሎ የሚፈራ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ማን ይጋበዝ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ከግድብ የመጡ ሰዎች ይቅደሙ የሚል ነው። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ የታላቁን ሕዳሴ ግድብ ከመምራታቸው በፊት በግልገል ጊቤ አንድና ሁለት ላይ ሠርተዋል። ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት፣ ሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ አንዱ ፕሮጀክት ለሚቀጥለው ሰው አሠልጥኖ እንዳለፈ ከዚህ ይታያል። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሕይወታቸው ሲያልፍ አገሩ ያለቀሰው ለአንድ የሥራ ኃላፊ ብቻ አልነበረም። በእሳቸው ውስጥ የነበረው እውቀት ምን ያህሉ ተጽፎ ቀርቷል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ግድቡ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዓመታቸውን ጉባ ላይ ያሳለፉ የጂኦሎጂ፣ የአርማታ፣ የተርባይን ባለሙያዎች አሁን ወደየቤታቸው እየተመለሱ ነው። ያን ሁሉ አርማታ በዚያ በረሃ ሙቀት ሳይሰነጠቅ እንዴት አቀዘቀዛችሁት ብሎ የሚጠይቃቸው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ካላገኙ፣ መልሱ ከእነሱ ጋር ያረጃል። ጡረታ የወጡትም እንዲሁ ናቸው። ብዙዎቹ የሚጠራቸው አጥተው እንጂ ሰዓት አጥተው አይደለም።

ሊበላሽ የሚችልበትም መንገድ ይታወቃል። ቡድኑ የሥራ ማፈላለጊያ ከሆነ ተማሪው የሚመጣው ለመማር ሳይሆን ለመታየት ይሆናል። ገንዘብ ከተጠየቀበት ደሃው ይቀራል። አንድ ኩባንያ ከያዘው የኩባንያው መመልመያ ይሆናል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከተለያየ መሥሪያ ቤት መምጣታቸው ይሻላል። ሥራ በጎን ቢገኝ ደስ ይላል። የሚገኘው ግን አንጋፋው ልጁን ለወራት አይቶት «ይህ ልጅ ቁጥሩን ይፈትሻል» ብሎ በልበ ሙሉነት ሲመሰክርለት ነው።

የሩዋድን አራት ሰዓት እንዳለ ማምጣት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ቡድኑ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ወረቀት ይፈርም። ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ በሳምንት አራት ሰዓት ከእሱ በታች ላሉት ይሰጣል፤ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የሜካኒክስ ጥያቄ ይፈታል፣ ወይም ባቅራቢያው ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠናል። አንጋፋው የሚሰጠው ሁለት ሰዓት ነው፤ ተማሪው የሚከፍለው አራት። ለወጣት ጉልበት ይህ አይበዛም። ለመፈረም የማይፈልግ ልጅ ይመጣል፤ ጎበዝም ሊሆን ይችላል። በር ላይ መመለስ ይከብዳል፣ መሐንዲሶቹም ሊያዝኑለት ይችላሉ። እኔ ይመለስ ባይ ነኝ፤ ወንበሩ ለሚፈርመው ይያዝለት።